ስለ ባሕር ላይ ወንበዴዎችና ስለ ባሕር ጉዞ መጻሕፍት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ የ6ኛ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ቤት ይዘዋቸው ስለሚመጡት መጻሕፍት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል «ልጆቻችን የወንበዴ ታሪክ የሚያነቡት ለምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ ዘራፊን ጀግና አድርጎ ያስተምራል ወይ?» ስትሉ ጠይቃችኋል። ልጁ የሚያነበውን የሚከታተል ወላጅ ማግኘት ለእኛ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ በቃል ከምመልስ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወደድኩ።

መጻሕፍቱ በቀላል እንግሊዝኛ አጥረው የተዘጋጁ የባሕር ጉዞ ታሪኮች ናቸው። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛ ገጽ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ ፈተና ካልሆነ በቀር አይነኩትም። እነዚህ መጻሕፍት ከመጡ ወዲህ ግን መርከቡ በማዕበል ተመትቶ ምዕራፉ ሲያልቅ ቀጣዩን ለማወቅ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጡ፣ በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የሚሰለፉ ልጆች እያየን ነው። የንባብ ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ ልጁ ራሱ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ማለት አለበት።

ወደ ዋናው ስጋታችሁ ልምጣ። ስለ ባሕር ላይ ወንበዴዎች ከሚተረከው ብዙው ፈጠራ ነው። በደሴት ላይ የተቀበረው የወርቅ ሣጥንና ምልክት ያለበት ካርታ በአብዛኛው የደራሲዎች ሥራ ነው፤ ወንበዴዎቹ የዘረፉትን ተካፍለው ያጠፉት ነበር እንጂ የመቅበር ልማድ አልነበራቸውም። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል፤ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1695፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ ሄንሪ ኤቭሪ የሚባል እንግሊዛዊ ወንበዴ በቀይ ባሕር መውጫ በባብ ኤል መንደብ አድፍጦ ወደ ሕንድ የሚመለሱ መርከቦችን ይጠብቅ ነበር። ተከትሏቸው ሄዶም የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ ዘረፈ፤ ከሐጅ የሚመለሱ መንገደኞች የነበሩበት መርከብ ነው፤ በተሳፋሪዎቹ ላይ የተፈጸመው ግፍም ከባድ ነበር። ጥቁር ጺም በሚል ቅጽል የሚታወቀው ወንበዴ እ.ኤ.አ. በ1717 ማርኮ የራሱ ያደረገው መርከብ ደግሞ ቀድሞ የፈረንሳዮች የባሪያ መጫኛ ነበር። መምህራኖቻችን ይህን ሁሉ ከታሪኩ ጎን ለጎን ይነግሯቸዋል፤ ሳይነገራቸው እንዲያነቡ አንፈልግም።

ልጆቹም የቀረበላቸውን ዝም ብለው አይቀበሉም። በቅርቡ በ7ኛ ክፍል ስለ ወንበዴዎች መተዳደሪያ ደንብ ተነሥቶ ነበር። ባርቶሎሜው ሮበርትስ በሚባል የወንበዴዎች አለቃ መርከብ እያንዳንዱ መርከበኛ በጋራ ጉዳይ ላይ ድምፅ ነበረው፤ የካፒቴኑ ድርሻም ቢሆን በደንብ የተወሰነ ነበር። ይህን የሰማች አንዲት ተማሪ «እንዲህ በትክክል ካካፈለማ ጥሩ ሰው ነው» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «የተካፈሉት የማንን ንብረት ነው?» ሲል ጠየቃት። ክፍሉ ተከፍሎ ተከራከረ፤ ደወል ሲደወልም አልጨረሱም። በግብረ ገብ ትምህርት ስንት ጊዜ ልናስረዳ የምንደክምበትን ነገር ራሳቸው አነሡት። እኛስ ብንሆን የሽፍታ ታሪክና ፉከራ እየሰማን አድገን የለም? ትልልቆቹ ሲተርኩልን ማን በደለ፣ ማን ተበደለ እያልን እንጠይቅ ነበር።

የሳይንስ መምህራንም ተጠቅመውበታል። በረጅም ጉዞ ላይ መርከበኞችን ድዳቸውን እያደማ ይገድል የነበረው ስከርቪ የሚባል በሽታ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት እያደረገ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። ሌላውን ደግሞ ማታ ከልጃችሁ ጋር ደጅ ወጥታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መርከበኞች ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቁ የሚያውቁት በሰሜን ኮከብ ከፍታ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ኮከቡ የሚታየው ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ ጡጫ ሲጨበጥ የጡጫው ስፋት ያህል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሰሜኑም በተራራና በቤት ያልተከለለ መሆን አለበት።

«ባሕር ለሌለው አገር ልጅ ይህ ምን ይሠራለታል?» ላላችሁኝ አባት፦ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመርከብ የሚሆኑ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ተቋም አለ። ከእኛ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ እዚያ ብትገባ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ይመለሳል። ግድያና ደም የበዛባቸውን ጥቂቶቹን ለይተን ለ8ኛ ክፍል ብቻ፣ ያውም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲነበቡ አድርገናል። ልጃችሁ እነዚህን መጻሕፍት እንዳያነብ የምትፈልጉ ከሆነ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ፤ ሌላ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ነጥብም አይቀነስበትም።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ያነበበውን በአማርኛ እንዲተርክላችሁ አድርጉ። እንግሊዝኛ ማወቅ፣ ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም፤ እየሰሙ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ ተርኮላችሁ ከሆነ ከመጽሐፉ ጋር በተላከችው ወረቀት ላይ ፈርሙ፤ መፈረም የማይመቻችሁ በጣት አሻራ ማድረግ ትችላላችሁ። ወረቀቷ ሰኞ ጠዋት ከመጽሐፉ ጋር ትመለስልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር