ለልጄ፣ ስለ ቀዝቃዛው የጠጅ ሣር ሻይ

ጅማ፣ መጋቢት 20

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏት ገበያ መውጣት ጀምራለች።

እሑድ ስትደውዪ የነገርሽኝ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። የጋምቤላ ሙቀት በርትቶብሽ ትኩስ ነገር ወደ አፍሽ ማቅረብ አቅቶሻል፤ ቀኑን የምትገፊው በለስላሳ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ደግሞ ሌላ ትከፍቻለሽ። ልጄ፣ በአንዲት የ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። አንድ ደንበኛዬ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ሲጨምር ባይ እጁን እይዘው ነበር። የአንቺን እጅ ከዚህ ሆኜ መያዝ ስለማልችል እጽፍልሻለሁ።

ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሻይ ማፍላት ከጀመርሁ 26 ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሻይ ካልተኮሰ ሻይ አይባልም ብዬ ኖሬአለሁ፤ የቀዘቀዘውን ማቅረብ እንግዳን የመናቅ ያህል ይከብደኝ ነበር። አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ከስልክሽ በኋላ ሻይ ቤቱን ከዘጋሁ ወዲያ ማታ ማታ ስሞክር ሰነበትሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠጅ ሣሩንም ናናውንም አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት አፈላሁት፤ የወጣው መራራ፣ የተቀቀለ ጎመን የሚሸት ነገር ነበር፤ ደፋሁት። አንቺም ሞክረሽው «መረረኝ» ያልሽው ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ጠጅ ሣር እሳት ይወዳል፤ ናና ግን እሳት አይችልም። ይህን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው።

ግማሽ ሊትር ውሃ አፍዪ። ሰባት ስምንት የጠጅ ሣር ቅጠል ከነነጩ እግሩ ወስደሽ በዘነዘና መታ መታ አድርጊው። ሽታው ተደብቆ ያለው እዚያ እግሩ ላይ ነው። ልጅ ሳለሽ ጓሮ ተቀምጠሽ እንደ ሸንኮራ ታኝኪው የነበረው፣ እናትሽም «ሣሩን ጨረሰችው» እያለች የምትቆጣሽ፣ እርሱ ነው። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ጨፍልቀሽ ጨምሪበትና በቀስታ ይንተክተክ። እኔ አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ለአንቺ ስምንት ይበቃሻል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እናንተ ቆላ ስለሆናችሁ 98 አካባቢ ይደርሳል፤ ቅጠሉም ቶሎ ይለቅልሻል።

ከዚያ እሳቱን አጥፊው። መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ናና። አንድ ጭብጥ ናና ነክረሽ ክደኚው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አጥልዪው። ማሩን ሞቅ እያለ አማስዪው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከጆጉ ሥር ይዘቅጥና አይሟሟልሽም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው። የጌራ ማር በትንሽ ማሰሮ ልኬልሻለሁ። ሎሚውን ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ጭመቂው፤ በትኩስ ላይ ሲጨመቅ ያ ደስ የሚለው ሽታው በእንፋሎቱ ይሄዳል።

እስካሁን ያለሽ ግማሽ ሊትር ወፍራም ሻይ ነው፤ ያወፈርነው ሆን ብለን ነው። ሌላ ግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ሲገባበት ልኩን ያገኛል። ከመጀመሪያው አቅጥነሽ ካፈላሽው በረዶው ሲቀልጥ ሣር ያለፈበት ውሃ ብቻ ይቀርሻል።

አደራ የምልሽ ስለ ውሃው ነው። በኋላ የምትጨምሪውም፣ በረዶ የምትሠሪበትም ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቅዝቃዜ ተሐዋስያንን ያደነዝዛል እንጂ አይገድልም፤ ከመንገድ የተገዛ በረዶ በብርጭቆሽ እንዳይገባ። የተረፈውን በማቀዝቀዣ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዪው።

መብራት ሲጠፋ በአዲስ እንስራ ተጠቀሚ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አስቀምጪው። ከሸክላው የሚያዠው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። እንደ በረዶ አይሆንም፣ ግን ጉሮሮ ያረካል። እንስራው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀመጥ፤ ማር የገባበት ነገር ሸክላው ውስጥ ይኮመጥጣል።

ከርከዴም፣ ያ የደረቀው ቀይ አበባ፣ ደስ ይለኛል፤ በሱዳን በኩል ያሉ ሰዎች አሳምረው ያውቁበታል። ፈልቶ የወረደ ውሃ አፍስሺበትና አቆይተሽ አቀዝቅዢው፤ ሎሚ ሲያርፍበት ቀይነቱ ያበራል። በአሉሚኒየም ድስት ግን አታድርጊው፤ ኮምጣጣነቱ ከብረቱ ጋር አይስማማም። አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ ነፍሰ ጡር ናት ብለሽኛል። ለእርሷ ከርከዴ አትስጫት። እኔ በቡና የምወደውን ጤና አዳምም ከቶ አታቅምሻት፤ ማሕፀን ያነሣሣል። የጠጅ ሣሩንም ቢሆን ሐኪሟን ትጠይቅበት፤ እስከዚያው ሎሚና ውሃ ይበቃታል።

ሻይ ቅጠል የሚያምርሽ ቀን፣ የውሽውሽም ሆነ የጎሬ አካባቢው የጉማሮ፣ አንድ ቁንጥር ብቻ ጨምሪ። ትኩሱን ወደ ማቀዝቀዣ አትክተቺው፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይብረድ።

ትናንት ሐሙስ ገበያ ለነበሩ ደንበኞቼ አንድ ጆግ አቀረብሁ። አንድ ቡና ነጋዴ ሽማግሌ በጥርጣሬ ቀመሱ፣ ከዚያ ዝም ብለው ብርጭቋቸውን መልሰው ዘረጉ። አንቺ ብታዪ ምን ያህል ደስ ባለሽ!

ከጓሮው ጠጅ ሣር አንድ ጉጥ ከነሥሩ ከፍዬ፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ሾፌሩ መቱ አድሮ ነገ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ መናኸሪያ ጠብቂው። በዚያው ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ሥሩ ብቻ እስኪሸፈን ትከዪው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ አጠጪው፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ደውዪልኝ።

አባትሽ