ወንድሜ ተገኝቷል፣ እግዜር ይስጥልን!

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ፣ ስልክ ማንሳት ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ፓርክ ልንጎበኝ ሄደን በጉም ከእኛ ተለይቶ የጠፋው ወንድሜ ደህና ነው፣ ይበላል ያወራል። የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ እኔም ደግሜ ለማውራት አቅሙ የለኝም፣ ዛሬ ምስጋና ብቻ ነው።

መጀመሪያ የፓርኩ ጠባቂ ጋሼ፣ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበል። ገና በሩ ላይ ስማችንን፣ የምንሄድበትን መንገድና የምንመለስበትን ሰዓት መዝግበው ለእያንዳንዳችን ፊሽካ አንገታችን ላይ አንጠለጠሉልን፣ ከዛ "ከቡድናችሁ ከተለያችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ 3 ጊዜ ንፉና አዳምጡ፣ ደግሞ 3" አሉን፣ እኛንም አንድ በአንድ ሳያስደግሙን አላሳለፉንም። ብዙ ሰው ይሄን ገለጻ ቶሎ ይለቅ እያለ ሰዓት ነው የሚያየው። ወንድሜ ግን ጉሙ ወርዶ ሲለየን ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ድምፁ በጩኸት ተዘግቷል፣ ፊሽካው ግን ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይሰራል፣ ከሰው ድምፅም በላይ ርቆ ይሰማል። የመመለሻ ሰዓታችን ሲያልፍ ማንም ሳይደውልላቸው መዝገቡን አይተው ራሳቸው ተነስተው መጡ! እኛ ደግሞ በየአቅጣጫው ልንበተን ስንል "አንድ ሰው ልፈልግ ነው የመጣሁት፣ ሁላችሁንም እንድፈልግ አታድርጉኝ" ብለው አንድ ላይ አስቀመጡን።

ጋሼ ምን ብዬ ላመስግንዎት፣ እናቴ ስምዎን በጸሎት ሳትጠራ አትተኛም።

ሲያገኙት ልብሱ ርሷል፣ መንቀጥቀጡም ቆሞ ነበር፣ እኔ መንቀጥቀጥ ሲቆም የተሻለው መስሎኝ ደስ ሲለኝ እሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፣ ለካ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ወርዶ እየባሰ ሲሄድ ሰው መንቀጥቀጡንም ይተዋል። እርጥቡን ልብስ አውልቀው በደረቅ ጠቅልለው ከመሬቱ ለይተው አስተኙት፣ ደረቱንና አንገቱን አሞቁለት፣ እጅ እግሩን እንሸው ስንል ከለከሉን። አንዱ ደግሞ በቅንነት አረቄ ሲያቀብል "አይሆንም፣ አልኮል የቆዳውን ደም ስር ይከፍትና የቀረችውን ሙቀት ያስወጣበታል" አሉ። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ሲችል ነው ስኳር የበዛበት ትኩስ ነገር የሰጡት። ሐኪሞቹም በኋላ የተደረገው ሁሉ ትክክል ነው ብለውናል።

ደሞ ይሄን ሳልል አላልፍም። ሌሊቱን ሙሉ ሲንከራተቱ ያደሩ ሰውዬ ጠዋት እኛ መኪና ውስጥ ስንገባ እሳቸው ፍለጋው ላይ የተጣለውን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ እየለቀሙ ነበር። ለዝንጀሮዎቹ ዳቦ ሊወረውር የነበረውን ልጅም ቀስ ብለው እጁን ይዘው፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ መተናኮል እንደሚጀምርና መጨረሻው ለራሱ ለእንስሳው መጥፎ እንደሚሆን አስረዱት፣ ምንም ቁጣ የለም። እንዲህ አይነት ሰው አለ እንዴ!

አብራችሁ ስትፈልጉ ያደራችሁ የአካባቢው ልጆች፣ ሾፌሮች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ፖስቱን ሼር ያደረጋችሁ፣ የጸለያችሁ፣ እግዜር ውለታችሁን ይክፈልልን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፣ በጣም ይቅርታ፣ ጭንቅላቴ ገና አልተረጋጋም፣ እንዳትቀየሙኝ።

ወንድሜን ያለበሳችሁት ሰማያዊ ጃኬትና አንድ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ እኛ ጋር ቀርቷል፣ ጃኬቱን አጥበነዋል፣ ባለቤቶቹ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ያላችሁበት ድረስ አመጣለሁ።