ለረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል ማርሚታ ስትመርጡ

ውድ ደንበኞቻችን፤

ማርሚታ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ድምፅ መቀነሻ) ሊቀይር የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚጨርሰው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጥ በሚሰማው ድምፅ ነው። ለረጅም ጉዞ ይህ አያዋጣም። መታየት ያለበት የጎን የዕቃ ሳጥኖቹ ሞልተው፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ፣ በአንድ ፍጥነት ለሰዓታት ሲነዳ ማርሚታው የሚያሰማው ድምፅና የሚለቀው ሙቀት ነው።

ከድምፁ እንጀምር። ባለሁለት ሲሊንደር አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 50 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ከሰዓታት በኋላ ራስ የሚያዞረው ጉርምርምታ ከዚህ የሚመጣ ነው። ቀዳዳማ ቱቦ በመስታወት ጥጥ የተጠቀለለበት ማርሚታ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል፤ ወፍራሙን ግን እምብዛም አይነካውም። ወፍራሙን የሚያዳክሙት በውስጣቸው ክፍልፋይ ያላቸው ናቸው። የጆሮ መድፈኛም ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ነው የሚከለክለው፤ ስለዚህ አጭር ማርሚታ ገዝቶ «በመድፈኛ እገላገላለሁ» ማለት አይሠራም። የምንመክረው ረዘም ያለ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ክፍልፋይና ጥጥ ያጣመረ ነው። ከተቻለ ማርሚታው በተገጠመበት ተመሳሳይ ሞተርሳይክል ላይ፣ በተለመደው የጉዞ ዙራችሁ፣ 10 ደቂቃ ያህል ንዱ። ከዚያ 500 ዙር ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። አንዳንዱ በጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ያገሳል፤ ያ ክልል የእናንተ የጉዞ ፍጥነት ላይ ካረፈ ሌላ ፈልጉ።

«ሞተር ጉልበት እንዲኖረው ጭሱ መታፈን አለበት» የሚባለው ትክክል አይደለም። ይሁን እንጂ ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦ የጭሱን ፍጥነት ስለሚቀንስ በዝቅተኛ ዙር ያለውን ጉልበት ይወስዳል፤ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

ቦታውን ሳጥኖቹ ተገጥመው እያሉ እዩ። የማርሚታው አፍ ከሳጥኑ ስር ካለቀ ትኩሱ ጭስ ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ አፉ ከሳጥኑ አልፎ ይውጣ። የኋላ ጎማ ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ማርሚታው ሳይነቀል መውጣቱንም አረጋግጡ፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ትርጉሙ ይገባችኋል። ብዙ የሚረሳው ደግሞ የመሃል ማቆሚያው ነው፦ በአንዳንድ ሞዴሎች ሲታጠፍ የሚያርፍበት የላስቲክ ማረፊያ የተሠራው ከፋብሪካው ማርሚታ ላይ ነው። አዲሱ ላይ ከሌለ ማቆሚያው ከልክ በላይ ወደ ላይ ይወጣና ካቴናውን ወይም ጎማውን ይመታል።

ስትገጥሙ የድሮውን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) መልሳችሁ አትጠቀሙ። ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስይዙ፤ ከዚያ ከቴስታታው (ቱቦው ከሚነሳበት የሞተሩ ራስ) ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥብቁ፤ የማርሚታው ማንጠልጠያ መጨረሻ ይሁን። ማንጠልጠያው ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ተወጥሮ ይቀራል፤ ከሙቀቱና ከንዝረቱ ጋር ተደምሮ ማንጠልጠያው ይሰነጠቃል። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጣት አሻራውን በአልኮል ጥረጉ፤ ያለበለዚያ ቅባቱ ተቃጥሎ ብረቱ ላይ ምልክቱ ይቀራል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ። ነዳጅ ስትለቁ ፓ! ፓ! ካለ ከመጋጠሚያ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ ሴንሰሩ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል።

ጥጡ ከጊዜ ጋር ይቃጠላል። ድምፁ ከበፊቱ ከጎላና ሽፋኑ ከወትሮው ይበልጥ ከጋለ ሪቬቶቹን (ሽፋኑን የያዙትን ምስማሮች) በመሰርሰሪያ ቦርቡራችሁ አዲስ ጥጥ አስገቡ፤ ከቱቦው ጋር የሚነካካው ንብርብር የብረት ጥጥ ቢሆን ይቆያል። ከታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል፤ በአጫጭር ጉዞ ማርሚታ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫው እሷ ናት።

ስታዙን የሞተሩን ሞዴልና ዓመት፣ በካሊፐር የተለካ የቱቦውን የውጭ ዲያሜትር፣ እንዲሁም ሳጥኖቹ እንደተገጠሙ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ፎቶ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር