4096 ቢት ለሴንሰር አይሆንም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለኢሜይልም ሆነ በባትሪ ለሚሠሩ ሴንሰሮች «4096 ቢት አርኤስኤ ይጠቀሙ» (አርኤስኤ የምስጠራና የዲጂታል ፊርማ ዘዴ፣ 4096 ቢት የቁልፉ ርዝመት ነው) ተብሎ የተሰጠው ምክር ለሴንሰሩ አይሠራም፤ ለኢሜይሉም ቢሆን የተሻለው ምርጫ አይደለም።

ኢሜይል ዛሬ ተጠልፎ ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላም ሊፈታ ይችላል። የግል ቁልፉ (ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው የመፍቻ ቁልፍ) አንድ ቀን ከተሰረቀ ደግሞ በእሱ የተመሰጠሩት የቆዩ መልእክቶች ሁሉ ይነበባሉ። ስለዚህ ጠንከር ያለ ቁልፍ መያዝ ተገቢ ነው። የአርኤስኤ ጥንካሬ ግን የርዝመቱን ያህል አያድግም፦ 2048 ቢት የ112 (ለመስበር 2 በ112 ኃይል ያህል ሙከራ ማለት ነው)፣ 3072 ቢት የ128 ቢት ጥንካሬ ሲሰጥ፣ 192 ለመድረስ 7680 ቢት ያስፈልጋል። ከርቭ25519 የተባለው ሌላ ዘዴ በ32 ባይት ቁልፍ ብቻ 128 አካባቢ ይደርሳል። የኢሜይል መመስጠሪያው ፕሮግራም ግኑፒጂም ከስሪት 2.3 ጀምሮ አዲስ ቁልፍ ሲፈጥር በራሱ የሚመርጠው ይህንኑ ነው። የተቀባዩ ሶፍትዌር አሮጌ ከሆነ 3072 ቢት አርኤስኤ ይበቃል። ቁልፉ የሁለት ዓመት ማብቂያ ቀን ይሰጠው፤ የመሰረዣ ሰርተፍኬቱም (ቁልፉ ከእንግዲህ እንደማያገለግል የሚያሳውቀው ሰነድ) ታትሞ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጥ።

ሴንሰሩ ጋ ችግሩ ሌላ ነው። በአውሮፓው የ868 ሜጋኸርዝ ደንብ ሎራዋን (አነስተኛ ኃይል የሚፈጅ የረጅም ርቀት የሬዲዮ ኔትወርክ) በዝቅተኛ ፍጥነቱ በአንድ ፓኬት፣ ማለትም በአንድ የመልእክት ጥቅል፣ የሚሸከመው 51 ባይት ነው። የ4096 ቢት አርኤስኤ ፊርማ (የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው ኮድ) 512 ባይት ስለሆነ ፊርማው ብቻውን 11 ፓኬት ይፈጃል፤ አንዱ ከጠፋ ፊርማው አይረጋገጥም፣ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል። በከርቭ25519 ላይ የተመሠረተው፣ 64 ባይት የሆነው የኢዲ25519 ፊርማ እንኳ በአንድ ፓኬት አይገባም። ለዕለታዊው ንባብ ኤኢኤስ-128 (ላኪና ተቀባይ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚጋሩበት ምስጠራ) መልእክቱ እንዳልተነካካ ከሚያሳይ የ4 ባይት ማረጋገጫ ጋር ይበቃል፤ ዲጂታል ፊርማ ለፈርምዌር (ለመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ይቆይ። ቁልፉ ግን ለየመሣሪያው የተለየ ይሁን፤ ያለዚያ አንዱን መሣሪያ ፈትቶ ቁልፉን ያወጣ ሰው ሁሉንም ያገኛል።

ዓምዱ ጨርሶ ያላነሣው ቁልፍ የሚፈጠርበት፣ ሊገመት የማይችለው የዘፈቀደ ቁጥር ጉዳይ ነው፤ ከርዝመት ማነስ ይልቅ መሣሪያዎችን የሚያጋልጠው እሱ ነው። የአርኤስኤ ቁልፍ የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) ብዜት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ ያሉ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የአርኤስኤ ቁልፎች ብቸኛ ቁጥር ሲጋሩ አገኙ። መሣሪያው ገና እንደበራ፣ በቂ ዘፈቀደ ሳይሰበስብ ቁልፍ ስለሚፈጥር ነው። ሁለት ቁልፎች አንድ ብቸኛ ቁጥር ከተጋሩ፣ ትልቁን የጋራ አካፋይ በማስላት ሁለቱም ወዲያው ይሰበራሉ፤ 4096 ቢት መሆናቸው አያድናቸውም። የሃርድዌር ዘፈቀደ አመንጪ የሌለው ቺፕ ቁልፉን ፋብሪካ ውስጥ ይቀበል እንጂ ራሱ አይፍጠር።

ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር የመልእክት ቆጣሪም (ለየመልእክቱ ተራ ቁጥር የሚሰጠው) እንዲሁ አደገኛ ነው። ያው ቆጣሪ ከያው ቁልፍ ጋር ሲደገም የሁለቱ መልእክቶች መሸፈኛ (ምስጠራው መልእክቱን የሚደብቅበት የቢት ረድፍ) አንድ ስለሚሆን፣ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ያነባል። ቆጣሪው ኃይል ሲቋረጥም በማይጠፋው ፍላሽ ማህደረ ትውስታ ላይ ይቀመጥ። በየመልእክቱ መጻፍ ፍላሹን ስለሚጨርሰው ግን 100 ቁጥር አስቀድሞ አስይዞ፣ መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ከቀጣዩ መቶ መጀመር ነው።

የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያ
አዲስ አበባ