የሚሠራው ማሽን ይቆጠር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአውራ ጎዳናዎች ዳር ስለሚተከሉት የኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የጣቢያዎቹን ብዛት ይቆጥራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስንቶቹ ይሠራሉ የሚለው ነው።

ከተማ ውስጥ አንዱ ማሽን ቢበላሽ ሌላ ይፈለጋል። አውራ ጎዳና ላይ ግን ባትሪው 8 በመቶ ደርሶ የማሽኑ ስክሪን ጠፍቶ ቢገኝ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። መሽቶ፣ ልጆችም ይዞ ከሆነ ጭንቀቱን አስቡት። እንዲህ የተንገላታ ሰው ለጎረቤቱ ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ አይልም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው መመሪያ በፌዴራል ገንዘብ የሚተከሉ ማሽኖች ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጊዜ እንዲሠሩ የጠየቀችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወረፋውም አለ። ባትሪ 80 በመቶ ካለፈ በኋላ የሚሞላበት ፍጥነት በጣም ይቀንሳል። ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነ ኋላ ያለው ሰው ቆሞ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ በየጣቢያው ቢያንስ 4 መሰኪያ ይኑር። ለሚያስተዳድረው ድርጅት የሚሰጠው ድጎማም በምረቃው ቀን ሙሉ በሙሉ አይለቀቅ። ግማሹ፣ ማሽኖቹ በሠሩበት ሰዓት ልክ በየሩብ ዓመቱ ይከፈል።

ከአንድ አንባቢ