ለሲስተሮቹ፣ ለአባና ለጠበቃው፦ የምስጋና መልእክት

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ብዙ መቀመጥ ገና ስለሚያመኝ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አስደግፌ ነው የምተይበው። ስህተት ካያችሁ ይቅር በሉኝ።

ከሰባት ወር በፊት ከሕንፃ ላይ ወድቄ የቀኝ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አሠሪዬ ሐኪም ቤት በር ላይ አውርዶኝ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳያችን አልቋል። ያኔ ግን የሠራሁበት ደመወዜ እሱ ጋ ነበር። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ደግሞ ኪራይ ስላልከፈልኩ ዕቃዬ ደጅ ወጥቶ ጠበቀኝ።

ሲስተሮች፣ ያኔ ነው እናንተ ያነሣችሁኝ። አምስት ወር ቤታችሁ ተኛሁ። የቁስሌ ሽታ ለራሴም ይከብደኝ ነበር፤ ፊቷን ያዞረች አንድም አላየሁም። ታላቋ ሲስተር ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ እጃቸውን አሻሽተው ያሞቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሪፖርት ላይ አያሰፍረውም፤ እኔ ልጻፈው።

እናንተ የካቶሊክ ማኅበር እህቶች ናችሁ፤ እኔ ግን ካቶሊክ አይደለሁም። ሃይማኖቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። እሑድ ወደ ቅዳሴ ስትወጡ ብቅ ብላችሁ «የምትፈልገው ነገር አለ?» ነበር የምትሉት፣ በቃ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዷ ሲስተር ስለ ማኅበራችሁ ያጫውቱኝ ነበር። ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ እ.ኤ.አ. በ1633 ፓሪስ ውስጥ ሲጀምሩት፣ መነኮሳይት ከቅጥራቸው እንዳይወጡ ሕግ ነበር አሉ። ቪንሴንት ግን ለእህቶቹ ገዳማችሁ የሕሙማን ቤት ነው፣ ቅጥራችሁም የከተማው ጎዳና ነው አላቸው። ስእለታችሁ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የምትገቡት ቃል፣ የአንድ ዓመት መሆኑን ስሰማ ደግሞ በጣም ገረመኝ። በየዓመቱ በብሥራት በዓል እንደገና ታድሱታላችሁ። እኔ አንድ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቼ አላውቅም፤ እናንተ በየዓመቱ ልትሄዱ እየቻላችሁ ትቀራላችሁ።

ግን ብዕር ያስነሣኝ ማስታመማችሁ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ታናሿ ሲስተር «ለመሆኑ ስንት ቀን ሠራህ?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን እንደጎደለኝ ነበር። ሰው ዘንድ ስንት ገንዘብ እንዳለኝ የጠየቀኝ የለም።

ከዕቃዬ መሃል አንዲት ደብተር ነበረች። ለሠራሁበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጭረት አስምሬባታለሁ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ፎርማኑ ይፈርምባታል። ሲስተር አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በእስክሪብቶ እየነኩ ቆጠሩ። 86 ነው አልኳቸው። ደግመው ቆጠሩና «87» አሉ። አንዷ ጭረት መሃል ስፌቱ ውስጥ ገብታ ተደብቃ ነበር።

ደብተሯ ወደ ቁምስናው፣ ማለትም ወደ አካባቢው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የፍትሕና ሰላም ቢሮ ሄደች። ቢሮ ከተባለ፤ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። በነፃ የሚያገለግሉት ጠበቃ ናቸው ያስረዱኝ፦ የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1967 የፍትሕና ሰላም ኮሚሽን ካቋቋሙ ወዲህ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች በየአገሩ ተከፍተዋል። ከወንበራቸው በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የካቶሊክ ጳጳሳት ትልቅ ስብሰባ የነበረው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያለው ነው አሉኝ፤ ሐሳቡ፣ ለሰው በፍትሕ የሚገባውን እንደ ምጽዋት አድርጋችሁ አትስጡት የሚል ነው።

ደመወዙን ተነጥቆ በየመንገዱ «አይዞህ» እየተባለ ሳንቲም ለጨበጠ ሰው ይህ ነገር በደንብ ይገባዋል። እናንተም ጥቂት ገንዘብ አስይዛችሁ ልትሸኙኝ ትችሉ ነበር። ይቀላችሁም ነበር። እኔም አመስግኜ እሄድ ነበር፤ 87ቱ ቀን ግን ሰውዬው ኪስ ውስጥ ይቀሩ ነበር።

አባ፣ የእርስዎ ደግሞ ሌላ ነው። የሥራ ጓደኞቼ መጥተው «ቤቱ ሄደን እናሳየዋለን» ሲሉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ግን በር ላይ ቆመው ሰምተው «በክራንች ልትደባደብ ነው?» አሉኝ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ሰውዬውን ሦስት ጊዜ አስጠሩት፤ በሦስተኛው መጣ። መጀመሪያ ጭራሽ አላውቀውም አለ። ጠበቃው ምንም ሳይናገሩ ደብተሯን ገፋ አደረጉለት። ገልጦ የፎርማኑን ፊርማ ሲያይ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ እርስዎም አላቋረጡትም።

በሁለት ጊዜ ከፈለ። ከሕክምናውም ግማሹን ቻለ። ይቅርታ አልጠየቀም። «ጊዜ ስጠው፣ ይጠይቃል» ይላሉ አባ፤ እኔ እንኳ እጠራጠራለሁ። እዚያው ሕንፃ ላይ የሠሩ ሌሎች አራት ልጆችም አሁን ደብተራቸውን ይዘው ጠረጴዛው ጋ ወረፋ ይዘዋል። ጠበቃው ሦስተኛ ወንበር ያስፈልጋቸዋል።

ገንዘቡ እጄ የገባ ቀን ለአምስቱ ወር ስንት ልክፈል ብዬ ታላቋን ሲስተር ጠየቅኋቸው። «ክራንቾቹን መልስልን፣ የሚጠብቃቸው ሰው አለ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ። የግራው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ አልቆ ስለሚያንሸራትት ቀይሬዋለሁ።