ቅናሹን ደራርበሽ ያዢው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔም አባትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ በስልክ የምናወራው ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት ሆኗል። ባለፈው «ይሄ የነጥብ ካርድ፣ ይሄ የቴሌብር ጉርሻ የምር ይጠቅማል ወይስ ማታለያ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን በገንዘብ ያዥነት ነው የኖርኩት፤ የልጄ ብር በከንቱ ሲፈስ ማየት አልችልም።

ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ስትደራርቢው ነው። ያው አንዱ ግዢ ከተለያየ ቦታ ጥቅም ሊያመጣልሽ ይችላል። ሱቁ ለአባሉ ይቀንሳል ወይም ተጠራቅሞ በኋላ ለቅናሽ የሚሆን ነጥብ ይመዘግባል። የምትከፍይበት መንገድ፣ የሞባይል ገንዘብም ይሁን የባንክ ካርድ፣ ማበረታቻ ባለው ጊዜ የተወሰነ ይመልሳል። በዚያ ላይ ዋጋ የሚወርድበትን ሰሞን መምረጥ አለ። ብዙ ሰው አንዱን ይይዝና ሌላውን ይረሳዋል።

በቁጥር ላሳይሽ። የ1,000 ብር አስቤዛ ገዛሽ እንበል። ሱፐርማርኬቱ በአባልነት ካርድሽ 3 በመቶ ከቀነሰልሽ 970 ብር ትከፍያለሽ። የከፈልሽበት ደግሞ 2 በመቶ የሚመልስ ከሆነ 19 ብር ከ40 ሳንቲም ይመለስልሻል። በድምሩ 49 ብር ከ40 ሳንቲም ተረፈሽ ማለት ነው። 50 ያልሞላው ሁለተኛው ቅናሽ የሚሰላው ከመጀመሪያው በተረፈው ላይ ስለሆነ ነው። ቫቱንም አትርሺ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶው ቫት የገባበት ነው ወይስ ያልገባበት? ቅናሹስ የሚሰላው ከየትኛው ላይ ነው? ካሸሯን ጠይቂያት፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ደረሰኙንም ቶሎ አትጣይ። ነጥቡ ሳይመዘገብልሽ ከቀረ የምታሳዪው እሱን ነው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ሆዴ። ያ 49 ብር ትርፍ የሚሆነው ሌላ ቦታ ከዚያ የረከሰ ከሌለ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ እንቁላሉ እሁድ ገበያ ላይ ከ1,000 ብሩ 100 ብር የሚቀንስ ከሆነ ነጥብ የሚባለውን ተዪውና ዘንቢልሽን ይዘሽ ወደዚያው ሂጂ። ስታወዳድሪ በኪሎ አወዳድሪ፤ የታሸገው ሁሌ 1 ኪሎ አይሞላም፣ 900 ግራምም አለ። ለሳሙና፣ ለፓስታ፣ ለዘይት ግን ካርድሽንም የክፍያ ማበረታቻውንም አንድ ላይ ተጠቀሚ። እነዚህ ቶሎ የማይበላሹ ስለሆኑ ቅናሽ እስኪመጣ መጠበቅ ትችያለሽ። የበዓል ሰሞን ባዛር ሲከፈትም እንደዚሁ ነው፤ ግን የሠፈርሽን ሱቅ ዋጋ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ሂጂ። ባዛር ላይ ሙዚቃው ሲደምቅ ሁሉም ነገር የረከሰ ይመስላል።

«ከ2,000 ብር በላይ ለገዛ» የሚለውን ማስታወቂያ አልወደውም። 1,600 ብር ላይ ደርሰሽ 100 ብር ቅናሽ ለማግኘት ብለሽ የማትፈልጊውን የ400 ብር ዕቃ ካነሳሽ፣ ተቀነሰልሽ የተባለው ሁሉ ከኪስሽ 300 ብር ነው ያወጣው።

ቴሌብር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዳሸን ባንክ ጋር የመጡት አገልግሎቶች አሉ፦ መላ የሚባለው ብድር፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ። እንደኪሴ ስትከፍይ የጎደለሽን ይሞላልሻል፤ ብድር ነው፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። ጉርሻ አይለፈኝ ብለሽ በእንደኪሴ ከገዛሽ ያገኘሻትን መልሰሽ ለክፍያው ነው የምታስረክቢው። ሳንዱቅ ግን ቁጠባ ነው። ተመላሽ የሆነችልሽን ብር በገባች ቀን ወደዚያ አዛውሪያት፤ ዋናው ሂሳብ ላይ ከተቀመጠች የታክሲ ትሆናለች። ወይም ለመሥሪያ ቤታችሁ ዕቁብ መጣያ አድርጊያት።

መሥሪያ ቤትሽ ለመስክ ባሕር ዳር ወይም ጅማ በአውሮፕላን ሲልክሽ የሼባ ማይልስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተጓዦች ነጥብ ቁጥርሽን ታስመዘግቢያለሽ? ቲኬቱን የገዛው መሥሪያ ቤቱ ቢሆንም ማይልሱ፣ ያው ነጥቡ፣ የተጓዧ ነው። አባልነቱ በነፃ ነው፤ ስምሽ ግን መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ይሁን። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ በሉፍታንዛ ወይም በተርኪሽ ስትበሪም እዚያው ሂሳብሽ ላይ ሊጠራቀምልሽ ይችላል፤ እንደ ቲኬቱ ዓይነት ይለያያል። እዚህ ላይ ግን መደራረብ የለም። አንድ በረራ የሚመዘገበው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ አንዱን ያዢና እሱ ላይ አጠራቅሚ። ማይልሱ ገብቶ እስክታዪ ድረስ ቦርዲንግ ፓስሽን አስቀምጪ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ይሄን ነው። «ሽልማት ደርሶሻል፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪን» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው። ስምሽን ቢጠራ፣ የምትገበዪበትን ሱቅ ቢያውቅ እንኳ ሌባ ነው። ነጥብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር መናገር አያስፈልግም። ስልኩን ዝጊው፤ ያመለጠሽ ነገር ያለ ከመሰለሽ ራስሽ ሱቁ ድረስ ሄደሽ ጠይቂ።

ስለ ጤፉ ደግሞ ከአክስትሽ ጋር ተነጋግረናል። እያንዳንዳችን በኪሎ ከምንገዛ አንድ ኩንታል ከእህል በረንዳ አምጥተን ለሦስት እንካፈላለን። አባትሽ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ይሄዳል። ስንት ኪሎ እንደምትፈልጊ እስከ ሐሙስ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ማስቀመጫ ከሌለሽ የኔን በርሜል ይዞልሽ ይመጣል።

እናትሽ